ሰባቱ ሳፋዎች

ቢሮ ውስጥ ለአንድ ዓመት ያህል ስሜ «ሳፋ» ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ልጆች ነገሩን በቅጡ አያውቁትም፤ የሚያውቁት እማማ የጠየቁኝን ጥያቄ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን እየሳቅሁ ያወራሁላቸው እኔው ራሴ ነኝ።

ሥራው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ነበር። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የቀበሌ ቤት ነው። ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ውስጡ ግን አምስት አባወራ ይኖርበታል፤ ነዋሪው ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ የማንን ፊርማ እንደሚፈልግ አያውቅም። የእኛ ድርሻ በሌዘር ስካን አድርገን፣ ማለትም ጨረሩ የነካውን ሁሉ በነጥብ በነጥብ ለክተን፣ የኮምፒውተር ሞዴልና ሥዕል ማስረከብ፣ የሌላ ድርጅት ድርሻ ደግሞ በዚያ መሠረት መጠገን ነው። ወሩ ነሐሴ። በነሐሴ ስካን የሚያደርግ ጤነኛ ሰው የለም፤ የዝናቡ ጠብታ ራሱ ነጥብ ሆኖ ይገባብሃል። ውሉ ግን ጳጉሜን ላይ ያልቅ ነበር።

ላይኛው ፎቅ ያለው ትልቁ ክፍል የእማማ ነው። ወለሉ ላይ ሰባት ሳፋ ተቀምጧል፤ አንዱ ግማሽ ጎኑ አልጋ ሥር፣ አንዱ በር መሃል፣ አንዱ ቁም ሣጥኑን ተጠግቶ። ስካነሩ እየተዘዋወረ የሚቆምበትን ቦታ ስቴሽን እንለዋለን፤ በሁለት ስቴሽን መካከል ዕቃ ከተነቃነቀ ሞዴሉ ላይ መንታ ሆኖ ይመጣልና አስቀድሜ ላስነሣቸው ፈለግሁ።

«እማማ፣ እነዚህን ለአንድ ሰዓት ያህል እናንሣቸው?»

«አይነሡም ልጄ። ቦታቸውን አውቀው ነው የተቀመጡት።»

«ግድ የለም፣ እንዳሉ ይሁኑ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ አወጣቸዋለሁ።»

እማማ ነጠላቸውን አጣፉና ጭንቅላቱን የሚያዞረውን ስካነር ትንሽ አዩት።

«ካወጣኻቸውማ ውሃው የት ይወርዳል?»

ረዳቴ በሳቅ ትራይፖዱን ሊጥለው ምንም አልቀረው። እኔ ደግሞ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እዚያ አይዘንብም እማማ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምኑን ቤት ሆነ?» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

በሁለት ቀን 38 ስቴሽን ወሰድን። ሬጂስትሬሽኑ፣ ማለትም የስቴሽኖቹ እርስ በርስ መገጣጠም፣ በ4 ሚሊሜትር ልዩነት ገጠመ። ለጭቃ ቤት 4 ሚሊሜትር ቅንጦት ነው፤ ልስኑ ራሱ በአንድ ክንድ ውስጥ ከዚያ በላይ ይወጣል ይገባል። እኔ ግን ቁጥሩን ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። ያላሳየሁት ጣሪያውን ነው። ድሮን ለማስነሣት የጻፍነው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ ከጎረቤት ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነን አንዱን ጎን ብቻ አገኘን። ከውስጥ ደግሞ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ሌዘር ጨርቅ አያልፍም፤ ከአቡጀዲው በላይ ያለውን ወራጅና ማገር አላየንም። የቀረውን ጣሪያ በግምት ዘጋነው። ሥዕሉ ላይ ግምቱ ከልኩ ጋር አንድ ዓይነት መስመር ነው፤ ማንም አይለየውም።

ከዚያ ጽዳት። መስተዋቱ የፈጠረው የሌለ ክፍል፣ የተሰጣ ልብስ፣ ያለፈ ያገደመ ልጅ፣ አልጋው፣ ሁሉም ወጣ። ሳፋ ማውጣት እንዲያውም ደስ ይላል፤ ክብ ስለሆነ በአንድ ምርጫ ትይዘዋለህ፣ ታጠፋዋለህ፣ የቀረውን ቀዳዳ በወለል ትደፍነዋለህ። ሰባቱን ለማውጣት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

አለቃችን ሞዴሉን ወደዱት። ለእንግዳ ገለጻ ሲያደርጉ ሁልጊዜ ከፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ይጀምራሉ፤ አንድሪው ታሎን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ካቴድራሉን ከእ.ኤ.አ. 2019ኙ ቃጠሎ ዓመታት ቀድሞ በሌዘር ስካን አድርጎት ነበር፣ ስለዚህ የእኛም ቤት ከእንግዲህ አይጠፋም ይላሉ። የማይጨምሩት ነገር አለ። የተቃጠለው የእንጨት ጣሪያ እንደገና ሲሠራ ትልቅ መመሪያ የሆነው፣ ሬሚ ፍሮሞንና ሴድሪክ ትራንትሶ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች ጣሪያው ውስጥ ገብተው እንጨቱን ለክተው በእ.ኤ.አ. 2014 የጨረሱት ሥዕል ነው። ይህን አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ልናገር ብዬ ቁጣቸውን ሳስበው ተውኩት።

መጋቢት ላይ የጠጋኙ ድርጅት መሐንዲስ መጣ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ «የሚያፈሰው የቱ ጋ ነው? ቆርቆሮውን ሁሉ ለመቀየር በጀት የለም።»

ሞዴሉን ለአንድ ሰዓት አዞርነው። ቆረጥነው፣ ገለበጥነው፣ ቀለም ቀየርንለት። አንዱ የሙቀት ካሜራ እንከራይ አለ። ሌላው የእሳት አደጋ መኪና ጠርተን ውሃ እንርጭበት አለ፤ ይሄኛው ቀልዱን ይሁን ምሩን እስካሁን አላውቅም። እኔ ዝም ብያለሁ፤ የማፈሻው ካርታ ቢሯችን ገብቶ በራሴ እጅ እንደጠፋ ያወቅሁት እዚያው ተቀምጬ ነው። ጥሬው ስካን የነበረበትን ሃርድ ዲስክ ለሐረሩ ሥራ ፎርማት ያደረግሁትም እኔ ነኝ። የቀረኝ በስልኬ ያነሣሁት አንድ ፎቶ ነው፤ ረዳቴ የእማማን ቡና ሲጠጣ፣ ከኋላው ሦስት ሳፋ። አራቱ የሉም።

በማግስቱ ሜትር ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ፀሐይ ነው፣ ወለሉ ባዶ ነው፣ ሳፋዎቹ ተደራርበው ጥግ ቆመዋል። ምን ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ።

«እማማ፣ ሳፋዎቹ በክረምት የት የት ነበር የሚቀመጡት?»

«አወጣቸዋለሁ አላልከኝም?»

«አውጥቼያቸው ነበር።»

አልሳቁብኝም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው አንድ በአንድ ዘረጉልኝ፤ ሳያመነቱ፣ ሰሐን እንደሚያቀርብ ሰው። «ይቺ ሰኔ ሲገባ ትጀምራለች። ያቺ ነፋሱ ከእንጦጦ የመጣ እንደሆነ ብቻ ነው፤ አለዚያ ደረቅ ናት። ይቺ ደግሞ ልጄን የዳርኩ ዓመት የመጣች ናት፣ ድንኳን ሊጥሉ ቆርቆሮው ላይ ወጥተው።» ሰባተኛውን አልጋው ሥር በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «እዚህ ግን እንዳትሞኝ። ውሃው የሚገባው እዚህ አይደለም፤ እዚያ ገብቶ ወራጁን ይዞ ተንሸራትቶ ነው እዚህ የሚንጠባጠበው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወጥቶ አይቶታል።»

በጣታቸው ያሳዩኝ ቦታ ከሳፋው ሁለት ሜትር ይርቃል። ሁሉንም በሜትር ለካሁ። በ4 ሚሊሜትር አልነበረም።

ዛሬ ለአዲስ ልጆች ሥልጠና ስሰጥ ይህን ታሪክ የማነሣው ጥሬ ፋይል እንዳያጠፉ ነው። ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ ያጸዳችሁትን ለብቻ ያዙ እላለሁ፤ ይጽፋሉ። ግን ጥሬው ፋይል ቢኖረኝም ኖሮ የማገኘው ሰባት ክብ ነገር ብቻ ነበር። የቱ በሰኔ እንደሚጀምር፣ የቱ እንደሚያሞኝ አይነግረኝም። ይህን ግን ለልጆቹ አልነግራቸውም፤ ስካነሩ ውድ ነው፣ ተስፋ ይቆርጣሉ።

ሰባቱን ክቦች ወለሉ ላይ መለስኳቸው፤ ከእያንዳንዱ ወደ ጣሪያው ቀይ ቀስት አወጣሁ፣ አጠገቡ የእማማን ቃል ጻፍኩ። መሐንዲሱ አይቶ «ይኼ ነው!» አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃችን ለእንግዶች የሚያቀርቡትን ሲያዩ ቆም አሉ።

«እነዚህ ክቦች ምንድን ናቸው?»

«የሳፋ ቦታ ነው።»

«ለእንግዳ አያምርም። አውጣቸው።»

«እሺ» አልኩና ክቦቹ ያሉበትን ሌየር፣ ማለትም የሥዕሉን ንጣፍ፣ አጠፋሁት። ያጠፋሁት እንዳይታይ ብቻ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ አለ። ይህን ስጽፍ ሰኔ ገብቷል፣ የጥገናው ገንዘብ ገና አልተለቀቀም፣ የመጀመሪያዋም ሳፋ ሥራ ጀምራለች።