«እጀታው የት ነው የሚቆመው?»

የምሠራበት ሱቅ ያለችው ቶርኖ፣ ብረት እያዞረች የምትቀርጸው ማሽን፣ ትንሽ ናት፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ። ቴይልስቶኳ፣ መብሻውን ፑንታ ይዞ የሚንሸራተተው ክፍሏ፣ ሐዲዱ ላይ የሚጠብቀው በአንዲት ዳዶ ነው፣ በ17 ቁልፍ። ቀዳዳውን የሚጀምረው የሴንተር ፑንታና የትልቁ ፑንታ ቁመት ስለማይገናኝ ለእያንዳንዱ ቡሽ፣ ዘንግ ውስጡ ለሚዞርበት የነሐስ ቀለበት፣ ሁለቴ ታጠብቃለህ፣ ሁለቴ ትፈታለህ። 40 የወፍጮ ቡሽ ሲታዘዝ 160 ጊዜ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ድሬ በርጫ ላይ ስትቀመጥ እኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 17 ቁልፍ ጨብጬ እውላለሁ። አንድ ቀን በቃኝ አልኩ።

ያሰብኩት ቀላል ነበር። ቴይልስቶኩን በጎን በኩል በስቼ ኤክሰንትሪክ ዘንግ፣ ከመሀሉ ወጣ ብሎ የሚዞር ዘንግ፣ ማስገባት። እጀታው ሲዞር ዘንጉ ብሎኑን ወደ ላይ ይስባል፣ ብሎኑም ከሐዲዱ ሥር ያለውን ብረት ይዞ ይጠብቃል። የ16 ሚሊሜትር ዘንግ ወሰድኩ። ዘንጉን ከሚይዘው ቻክ አንድ መንጋጋ ሥር 3 ሚሊሜትር ላሜራ አስገባሁ። መለኪያው ዳያል በአንድ ዙር 4 ሚሊሜትር ሲወዛወዝ ዘንጉ ከመሀሉ 2 ሚሊሜትር እንደወጣ አወቅኩ። የሚፈለገው እሱ ነበር። ቴይልስቶኩን ስበሳ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ማሽኑ የኔ አይደለም፣ የተሰነጠቀ ጊዛ፣ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት፣ ደግሞ አይመለስም።

ሠራ። ጠቅ ሲል ይጠብቃል፣ ጠቅ ሲል ይለቃል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ለሻይ መጡ። ከምድር ባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጡ ተርነር ናቸው። እጀታውን ያዙ። ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ አዞሩት።

«እጀታው የት ነው የሚቆመው?»

«ሲጠብቅ ይቆማል፣ ጋሼ።»

«ሲጠብቅ የት ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው።

«ዛሬ እዚህ ጋ ነው» አሉና ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ተናደድኩ። ደንበኞች ቆመዋል፣ እኔ «ጎበዝ» የሚል ቃል እየጠበቅኩ ነው። ሽማግሌ አዲስ ነገር አይወድም ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። የ18 ሚሊሜትር ፑንታ ነሐሱን በስቶ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ነከሰ። ነሐስ እንደዚህ ነው፤ የፑንታውን አፍ ትንሽ ካልገደልክለት፣ ካላደነዝክለት ማለቴ ነው፣ ይነክሳል። ያኔ ቴይልስቶኩ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ቻኩ ሄደ። ፑንታው ተሰበረ፣ ቡሹ ተበላሸ። እጀታው ራሱን ከፍቶ ተንጠልጥሏል።

ያገኘሁት ይሄን ነው። ከሥር ብሎኑ ላይ ያለችው ዳዶ በንዝረት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስትላላ ኖራለች። እጀታው እስኪጠብቅ ድረስ በየቀኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሄድ ነበር። እኔ አላየሁትም። በመጨረሻ የኤክሰንትሪኩን ጫፍ፣ ብሎኑን ከሁሉ በላይ የሚስብበትን ቦታ፣ አለፈ። ጫፉን ካለፈ ደግሞ የሚይዘው ጉልበት ራሱ ነው የሚከፍተው።

ጋሼን ፈልጌ አገኘኋቸው። «ያውቁ ነበር አይደል?»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«መጠየቅ መንገር ነው እንዴ?»

«አቦ! ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁን ግን ያንገበግበኛል። እሰማ ነበር። የፑንታውን ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይተርፍ ነበር።

ዳዶዋን በሌላ ዳዶ ቆለፍኳት። እጀታው ጫፉ ጋ ሳይደርስ የሚያቆመው ፒንም ተከልኩ። እጀታው ፒኑን ከነካ ዳዶዋ ላልታለች ማለት ነው፣ ከሥር ታስተካክላለህ። ረዳት ልጅ ሲቀጠርም በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ነገርኩት። ወለሉ ላይ በጠመኔ ስዬ አሳየሁት። እኔ የተነፈግኩትን ማንም እንዲነፈግ አልፈልግም። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

ባለፈው ሳምንት ፒኑን ነቅሎት አገኘሁ። «እጀታውን እየከለከለኝ ስላስቸገረኝ ነው» አለኝ።

ልጮህ ነበር። ተውኩት። ማሽኑን አጥፍቼ እጁን እጀታው ላይ አስቀመጥኩለት፤ በጣም ቀስ ብለህ አዙረው አልኩት። አዞረ። ከበደው። ገፋ አደረገው። ድንገት ዓይኑ ፈጠጠ።

«እዚህ ጋ ቀለለኝ!»

መልሶ አዞረው። እንደገና ሞከረው። ከዚያ መዶሻ ፈለገና ፒኑን ራሱ መታው።