አሥራ ሦስት ለማለት ሦስት ቀን

ትናንት ማታ ለአባቴ ከሲዲ የምቀዳለት ካሴት ሳይድ ኤ አለቀ። 6 ዘፈን፣ 29 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፣ አንዱም ሳይቆረጥ። ክሩ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ሲቆም ብቻዬን ሳሎን ውስጥ አጨበጨብኩ። እናቴ "ምን ሆንክ?" እያለች ከጓዳ ወጣች። ላስረዳት ሞከርኩና ተውኩት። እናንተ ግን ይገባችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ኮሮላ ከካሴት ሌላ የሚቀበለው ነገር የለም። ዩኤስቢ የለው፣ ብሉቱዝ የለው። ቴፑን ላስቀይርልህ ሲሉት ይቆጣል። "ምን ሆነና?" ነው መልሱ። እውነቱን ነው፣ ምንም አልሆነም። ለፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ ልንሄድ ነው፤ አባይ በረሃን ያለ ዘፈን መውረድ ደግሞ ለአባዬ መንገድ አይደለም። የድሮ ካሴቶቹን ግን አንድ በአንድ ቴፕ በላቸው። የሚወዳቸው ዘፈኖች አሁን ያሉት አክስቴ ከዋሽንግተን ባመጣችለት አንድ ሲዲ ላይ ነው። 15 ዘፈን፣ 71 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ።

ስለዚህ ከሲዲ ወደ ካሴት እየቀዳሁ ነው። በዚህ ዘመን። አትሳቁ።

የመጀመሪያውን ክፍል ቶሎ ልለፈው። የሲዲ ማጫወቻውን ምናለሽ ተራ አገኘሁት። ሪሞት የለውም፣ ማኑዋል የለውም። ስንት እንደከፈልኩ አልናገርም፣ ተበልቻለሁ። የሲዲው መሳቢያ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ይቆም ነበር። ውስጡ ያለው ላስቲክ ስለላላ ነው፤ ጠጋኙ በደቂቃ ቀየረው። ሲዲውን የሚያነበውን ሌንስ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ቀስ ብዬ ጠረግኩት። ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ አገናኝቼ ከካሴት መቅጃው ጋር ቀጠልኩት። በቃ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። እባካችሁ ሲዲ ስትጠርጉ እንደ ምጣድ አታሽከርክሩት። ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ነው። መረጃው የተጻፈው እየዞረ በሚሄድ ቀጭን መስመር ላይ ነው። ማሽኑ የጠፋ ነገር ሲያጋጥመው ራሱ አስልቶ ይሞላዋል፣ ግን አቅሙ በመስመሩ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩን አቋርጦ የሚሄድ ጭረት እያንዳንዱን ዙር ትንሽ ነክቶ ያልፋል። በዙሪያው የሚሄድ ጭረት ግን አንዱን ቦታ ተከትሎ ይበላዋል። ሲዲ በሸሚዝ ጫፍ እያዞረ የሚጠርግ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ።

"ፕሮግራም" የምትለዋ በተን ሥራዋ ቀላል ነው። ሲዲው ቆሞ እያለ ትጫናታለህ። የምትፈልጋቸውን ዘፈኖች ቁጥር በምትፈልገው ቅደም ተከተል ታስገባለህ። ፕሌይ ስትል በዚያው ተራ ይጫወታል። የእኔ ማሽን እስከ 20 ዘፈን ይይዛል። እያስገባህ ስትሄድ ጠቅላላውን ሰዓት ይደምርልሃል። ለካሴት ቀጂ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው። ድምሩን ከ30 በታች ታደርግና ትቀዳለህ።

አባዬ የሰጠኝ ዝርዝር ይኼ ነው፦ 13፣ 4፣ 7፣ 14፣ 2፣ 11። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንጀምር 13 መጀመር አለበት። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

አስገባሁ። ፕሌይ አልኩ። 1 ቁጥር ዘፈን ጀመረ።

አባዬ 1 ቁጥርን አይወደውም። "አጥፋው" አለ ከውጭ። እንደገና አስገባሁ። እንደገና 1። ከ1 ቀጥሎ ደግሞ 3 መጣ፤ እሱን አልጠየቅኩትም። አራተኛው ሙከራ ላይ ማሽኑን መጠርጠር ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ብልጥ መሆኔ ጎዳኝ። ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ውጭ ነው። 13 እና 14 ቁጥር ወደ ጠርዙ ያሉ ናቸው። ሲዲው መሃሉ ሲነበብ በደቂቃ 500 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ወደ ጠርዝ ሲደርስ ወደ 200 ይወርዳል። እንግዲህ እኔ ምን አልኩ? ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ደርቆ ወደ ጠርዙ መድረስ አቅቶታል፣ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቆንጆ ማብራሪያ ነው። ለሦስት ሰው አስረድቻለሁ። ሦስቱም አምነውኛል።

ሁለተኛውን ቀን ክዳኑን ፈትቼ ሐዲዱን ቅባት ስቀባ ዋልኩ። ሌንሱን በድጋሚ ጠረግኩ። ገጠምኩ። 1 ቁጥር ዘፈን ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑን ተሸክሜ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ማብራሪያዬን በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ሲዲውን ከተተና ወደ ፊት የሚዘለውን ቀስት 12 ጊዜ ተጫነው። 13 ቁጥር፣ ጥርት ብሎ፣ ሱቁን ሞላው። ሁለታችንም ዝም ብለን ትንሽ ሰማን።

"ወንድሜ" አለኝ፣ "ማሽኑ ጤነኛ ነው። ጣትህን አሳየኝ።"

ያን ፈተና እቤት ሆኜ መሞከር እችል ነበር። 12 ጊዜ መጫን ብቻ። ክዳን ፈትቼ ቅባት ከመቀባቴ በፊት።

እዚያው ፊቱ ቁጥሮቹን አስገባሁ። 13 ለማለት 1ን ተጫንኩ፣ 3ን ተጫንኩ። እሱም ምንም ሳይናገር በእስክሪብቶው ጫፍ ዲስፕሌዩን ነካ ነካ አደረገልኝ። ዲስፕሌዩ በስተቀኝ በኩል ከ1 እስከ 15 ቁጥሮችን በትንንሽ ሳጥን ደርድሮ ያሳያል። ፕሮግራም ውስጥ የገቡት ብቻ ይበራሉ። የበሩት 1 እና 3 ነበሩ። 13 ጨለማ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ አረንጓዴ መብራቱ ዓይኔ ሥር ሆኖ ሲነግረኝ ነበር ማለት ነው። እኔ 13 ስል ማሽኑ 1 እና 3 ይላል። 14 ስል 1 እና 4። 11 ስል 1 እና እንደገና 1። 6 ዘፈን ያስገባሁ መስሎኝ 9 አስገብቻለሁ። ጠቅላላው ሰዓት ከ30 ደቂቃ ሲያልፍብኝ ደግሞ ማሽኑ መደመር አይችልም ብዬ ነበር። አዎ፣ እሱንም ብያለሁ።

መፍትሔው አንዲት በተን ናት። ከ10 ቁጥር አጠገብ የበላይ ምልክት (>) እና 10 የተጻፈባት ትንሽ በተን አለች። "ከ10 በላይ" ማለቷ ነው። መጀመሪያ እሷን ትጫናለህ፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 3። ያኔ 13 ይሆናል። ሌሎች ማሽኖች ላይ የመደመር ምልክትና 10 የተጻፈበት ነው ያለው። እዚያ አሠራሩ ይለያል፤ እሷን አንዴ ከተጫንክ 10 ተቆጥሯልና 3 ብቻ ትጨምራለህ። ሁለቱን ካምታታህ እንደኔ ትሆናለህ። ጠጋኙ ገንዘብ አልተቀበለኝም። ያ ደግሞ የበለጠ አሳፈረኝ።

አሁን 13 ሲገባ ሳጥኗ ብልጭ ትላለች። አሁንም ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር የእኔ ጥፋት አይደለም። ስድስቱንም በትክክል አስገብቼ፣ አራቱን ዘፈን ቀድቼ፣ አምስተኛው መሃል ላይ መብራት ሄደ። ካሴቱ ላይ ዘፋኙ ድንገት ሲቋረጥ ይሰማል። መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙም የለም። የእኔ ማሽን ኃይል ካጣ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። መሳቢያውን ብትከፍትም ይረሳል። ስቶፕን ሁለት ጊዜ ብትጫንም ይረሳል። አንዱ ስቶፕ ዘፈኑን ያቆማል፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙን ይጠርጋል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከነመጫኛ ቅደም ተከተላቸው ወረቀት ላይ ጽፌ ማሽኑ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፌያለሁ። የሠራሁት ብቸኛ ብልህ ነገር እሱ ነው።

ሰዓቱን እንዴት እንዳስላሁት ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 5:12፣ 4:38፣ 6:05፣ 3:47፣ 5:20፣ 4:31። ድምር 29:33። ከዚህ ላይ ግን በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ዝምታ ጨምሩ። ማሽኔ በየዘፈኑ መሃል 3 ሰከንድ ባዶ ቦታ የሚተው በተን አለው። ዘፈን ፈልገው የሚዘሉ የካሴት ማጫወቻዎች በዚያ ዝምታ ነው ዘፈን ከዘፈን የሚለዩት፤ የአባዬም ቴፕ እንደዚያ ነው። 6 ዘፈን 5 ክፍተት አለው፣ 15 ሰከንድ። 29:48። የሚተርፈኝ 12 ሰከንድ ነው። የካሴት መጀመሪያው ደግሞ ድምፅ የማይቀዳ ግልጽ ክር ነው። ቡናማው ክር እስኪመጣ በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥኜ ነው የምጀምረው። ይህን የማያደርግ ሰው የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ ያጣል፣ ከዚያም ሲዲውን ይሰድባል።

"ለምን ማሽኑ ራሱ እንዲመርጥ አታደርግም?" የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ እንደዚያ ያለ በተን አለው። 30 ደቂቃ ብለህ ትነግረዋለህ፣ የሚበቃውን ያህል ዘፈን ይሞላልሃል። የእኔው ግን ከ1 ቁጥር ጀምሮ በተራ ነው የሚሞላው። 1 ቁጥርን አባዬ እንደማይወደው ነግሬአችኋለሁ።

ሻፍልን፣ ዘፈኖቹን ያለ ተራ የሚያደባልቀውን በተን፣ በተመለከተ ያለኝን አስተያየት ባልናገር ይሻላል። እሺ ልናገር። ሻፍል የሚወደው ሰው ዘፈን አይወድም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህ ከዚያ በኋላ ይምጣ ብሎ አስቦ የደረደረውን ገንፎ ማድረግ ነው። ግን እንትፍ ብዬ ልተወው አልችልም፣ ዕቃ ሳጥብ እኔም እጫነዋለሁ።

ከሁሉም በተኖች የወደድኳት ሀ እና ለ ብዬ የምጠራት ናት። ዘፈኑ እየሄደ አንዴ ስትጫናት መጀመሪያውን ትይዛለች፣ ሁለተኛ ስትጫናት መጨረሻውን። ከዚያ ያችን ቁራጭ ብቻ ትደጋግማለች። 4 ቁጥር ውስጥ አንድ ስንኝ አለ፤ እኔና አባዬ አንዷ ቃል ላይ ለዓመታት ተከራክረናል። ባለፈው እሑድ ያችን ስንኝ አሥር ጊዜ አስደገምኳት። አሁን ሁለታችንም ከበፊቱ የበለጠ እርግጠኞች ነን፣ በየራሳችን።

የቀረው ሳይድ ቢ ነው። 3፣ 9፣ 15፣ 12፣ 6። 27:25፣ ከነክፍተቱ 27:37። 2 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ባዶ ይቀራል። የቀሩት አራቱ ዘፈኖች አጫጭር ናቸው፣ ግን ትንሹም 3:20 ነው። ደግሞም አባዬ አራቱንም አይፈልጋቸውም። ሁለት ምሽት ስገለባብጥ ቆየሁ። ትናንት ሳይድ ኤን ካዳመጠ በኋላ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ መነጽሩን አደረገ፣ 6ን በእስክሪብቶ ሰረዘ።

"ሰባት ቁጥርን እዚህም አድርግልኝ።"

"አባዬ፣ ሳይድ ኤ ላይ አለ እኮ።"

"እሱ ለቁልቁለቱ ነው። ዳገቱስ?"

አስላሁት። 28:27፣ ከነክፍተቱ 28:39። ባዶው ወደ 1:21 ወረደ። ማሽኑ አንድን ዘፈን የፈለግከው ገጽ ላይ፣ የፈለግከውን ያህል ጊዜ ይቀበላል፤ ይህ ለእኔ አልመጣልኝም ነበር።

ዛሬ ማታ እቀዳዋለሁ። 3። 9። ከ10 በላይ፣ 1፣ 5። ከ10 በላይ፣ 1፣ 2። 7። መብራት ካልሄደ።