“ከየት ነው የመጣኸው?”፦ የናይፋይ ልምምዴ ሦስተኛ ሳምንት

ባለፈው አፓቺ ናይፋይን (ዳታን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ በራሱ የሚያመላልስ ሶፍትዌር ነው) ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ፋይሎችን ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ እንዳሻገርኩ ጽፌላችሁ ነበር። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ገባሁ፤ ከእውነተኛ ዳታቤዝ ጋር አገናኘሁት። የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው ደግሞ ናይፋይ ወደ ዳታቤዙ የሚገባበት አካውንት ነው።

ቦታው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ። የምሠራው አንድ የወተት ማኅበር ውስጥ ነው። ገበሬዎቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወተት ያመጣሉ፣ ይለካል፣ ይመዘገባል። መዝገቡ ያለው ቢሮ ውስጥ ባለች የኡቡንቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ማይኤስኪውኤል በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው። የምፈልገው ይህ መዝገብ በየሰዓቱ እየተቀዳ እኔ ላፕቶፕ ላይ ወዳለው ፖስትግሬስ ወደሚባል ሌላ ዳታቤዝ እንዲገባ ነው። ጾም ሲገባ የወተት ገበያው ይቀዘቅዛል። በየሳምንቱ ስንት ሊትር እንደገባ ቶሎ ማየት ለማኅበሩ ትልቅ ነገር ነው።

ሐሳቡን ለሒሳብ ሠራተኛችን ሳዋያቸው “ጥሩ ነው ልጄ፤ ብቻ መዝገቤን እንዳታበላሽብኝ” አሉኝ። “አይዞዎት እትዬ፣ ማንበብ ብቻ ነው” አልኳቸው።

ይህችን መልስ ከሰጠሁ በኋላ ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። እስከዚያ ድረስ ልገባ ያሰብኩት በሩት፣ ሙሉ ሥልጣን ባለው ዋና አካውንት፣ ነበር። ያየኋቸው የቪዲዮ ትምህርቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ሩት ግን ሁሉን ያነባል፣ ሁሉን ይሰርዛል። አንዲት የተሳሳተች ትእዛዝ የገበሬውን የወር ሒሳብ ልታጠፋ ትችላለች። “ማንበብ ብቻ” ካልኩ፣ ከማንበብ በቀር ምንም የማይችል አካውንት መኖር አለበት።

ናይፋይ ላይ ዳታቤዝ የሚገናኘው “ዲቢሲፒ ኮኔክሽን ፑል” በሚባል ሰርቪስ በኩል ነው። የዳታቤዙን አድራሻ፣ የድራይቨሩን (ናይፋይን ከዳታቤዙ ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም) ስም፣ የድራይቨሩ ፋይል ያለበትን ቦታ፣ ዩዘርና ፓስወርድ ይጠይቃል። ሞላሁና አስነሳሁት። “ኢኔብልድ” አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ምንም ዳታ አልመጣም። ይህን ልብ በሉ፤ ሰርቪሱ ተነሣ ማለት ዳታቤዙ ጋ ደረሰ ማለት አይደለም። የሞላችሁትን የሚፈትሽ የማረጋገጫ ምልክት እዚያው ፕሮፐርቲዎቹ ያሉበት ገጽ ላይ አለ። መጀመሪያ እሱን ተጫኑት።

የመጀመሪያው ኤረር “ኮኔክሽን ሪፊውዝድ” ነበር። ይህ ከአካውንት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ገና ፖርቱ (የሰርቨሩ መግቢያ በር) ላይ ነው የተመለስኩት። ኡቡንቱ ላይ የሚጫነው ማይኤስኪውኤል “ባይንድ አድሬስ” የሚለው ቦታ ላይ 127.0.0.1 ተጽፎበት ነው የሚመጣው። ስለዚህ 3306 በሚባለው ፖርቱ ላይ የሚሰማው ከዚያው ኮምፒውተር የሚመጣን ጥሪ ብቻ ነው። የነበረውን ሳላጠፋ የቢሮውን ኔትወርክ አድራሻ በኮማ ጨመርኩበት፤ አዳዲሶቹ የ8 ቨርዥኖች ይህን ይቀበላሉ። ሰርቨሩን አጥፍቼ ያስነሳሁት ከሰዓት በኋላ፣ ወተት ተለክቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ኤረሩ ተለወጠ። “ሆስት 192.168.1.20 ኢዝ ኖት አላውድ”፣ ቁጥሩ 1130። የእኔ ላፕቶፕ አድራሻ ነው። ማይኤስኪውኤል ውስጥ አካውንት ማለት ስም ብቻ አይደለም። ስሙና የሚመጣበት ቦታ አንድ ላይ ሆነው ነው አንድ አካውንት የሚሆኑት። አንድ ዩዘር ከ“ሎካልሆስት” (ከዚያው ከሰርቨሩ ኮምፒውተር) ሲመጣ አንድ ሰው ነው፣ ከሌላ ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላ ሰው። ግቢያችን በር ላይ ያሉት ጥበቃ ልክ እንደዚህ ናቸው። ስምህን ብትነግራቸውም “ከየት ነው የመጣኸው?” ሳይሉ አያስገቡህም። እዚያ የነበሩት አካውንቶች ሁሉ ለሎካልሆስት የተፈጠሩ ነበሩ። ለናይፋይ አዲስ ስም ከ192.168.1.20 ጋር አድርጌ ፈጠርኩለት፤ በሩ ተከፈተ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ያው 1130 ጠበቀኝ። ምንም አልነካሁም! ፓስወርዱን ለወጥኩ፣ አካውንቱን አጥፍቼ እንደገና ፈጠርኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ከለፋሁ በኋላ ኤረሩን በእርጋታ አነበብኩት። 192.168.1.27 ይላል። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ለላፕቶፔ ሌላ አድራሻ ሰጥቶታል። አካውንቱ የተሰጠው ለ20 ነው፤ እኔ የመጣሁት ከ27 ነኝ። ሰርቨሩ ልክ ነበር።

አንዳንዱ እዚህ ላይ “%” አድርጎ ከየትም እንዲገባ ይፈቅዳል። ይቀላል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። የገበሬው ገንዘብ ያለበት ነው። ራውተሩ ላይ ገብቼ ለላፕቶፔ 20ን ቋሚ አደረግኩለት። ከዚያ ወዲህ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዷል፣ አካውንቱ አልተነቃነቀም። የእኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሆነ ለምታውቁት፣ ይህን ከሁሉ በፊት አድርጉት።

ሌላም ያጋጠመኝ አለ። ከኢንተርኔት የቀዳሁት የዳታቤዝ አድራሻ መጨረሻው ላይ “ዩዝ ኤስኤስኤል ፎልስ”፣ መስመሩ አይመስጠር እንደማለት፣ የሚል ነበረበት። ያ ደግሞ “ፐብሊክ ኪ ሪትሪቫል ኢዝ ኖት አላውድ” የሚል ኤረር አመጣ። ከ2018 የማይኤስኪውኤል 8.0 ጀምሮ ያለው የፓስወርድ አሠራር ወይ የተመሰጠረ መስመር ይፈልጋል ወይ የሰርቨሩን የሕዝብ ቁልፍ። ብዙ ሰው የሚመክረው ቁልፉን መፍቀድ ነው። እኔ ያቺን “ፎልስ” አውጥቼ ኤስኤስኤል ሞዱን “ሪኳየርድ” አደረግኩት። በአንድ ለውጥ ኤረሩም ጠፋ፣ መስመሩም ተመሰጠረ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ፈቃዱ። የመዝገቡ ሠንጠረዥ ውስጥ የገበሬው ስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥርም አለ። ለሪፖርቱ አያስፈልጉኝም። ማይኤስኪውኤል ፈቃድን በኮለም (በሠንጠረዡ ዓምድ) ደረጃ መስጠት ይችላል። ስለዚህ ለናይፋዩ አካውንት “ሴሌክት” (ማንበብ) የፈቀድኩት ለአራት ኮለሞች ብቻ ነው፦ መለያ ቁጥር፣ የገበሬ ኮድ፣ ሊትር እና ቀን። ናይፋይ ግን ወዲያው ተከለከልኩ አለ። ናይፋይ ላይ ሠንጠረዡን የሚያነበው ክፍል ውስጥ “ኮለምስ ቱ ሪተርን” የሚለውን ባዶ ከተዋችሁት “ሴሌክት ስታር”፣ ኮለሙን ሁሉ ስጠኝ፣ ነው የሚልከው፤ ያ ደግሞ የተከለከሉትንም ይጠይቃል። አራቱን ስም ጻፍኩለት። “ማክሲመም ቫልዩ ኮለምስ” ላይ መለያ ቁጥሩን ሰጠሁት፤ በየሰዓቱ አዲስ የገባውን ብቻ ይዞ እንዲመጣ።

ፖስትግሬስ በኩል ያለው አጭር ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። “በዚህ ስኪማ (የሠንጠረዦች ስብስብ) ባሉ ቴብሎች ሁሉ” ብላችሁ ፈቃድ ስትሰጡ የሚሠራው በዚያች ሰዓት ላሉት ብቻ ነው። ነገ ለሚፈጠረው አይደርስም፤ ለእሱ “ዲፎልት ፕሪቪሌጅ” አለ። እኔ ሐሙስ የፈጠርኩት ቴብል ዓርብ እምቢ ያለኝ በዚህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ ሠራተኛችን አጠገቤ ቆሙ። ስክሪኑ ላይ የዚያን ዕለት ወተት አንድ በአንድ ወረደ። ደብተራቸውን ከፍተው በእርሳስ እየነኩ አመሳከሩ። 7 ሊትር ከግማሽ፣ 4 ሊትር፣ 11 ሊትር። “ስልካቸውስ?” አሉኝ። “አላየውም እትዬ፣ ናይፋይ ቢጠይቅም አይሰጠውም” አልኳቸው። እያዩኝ የተከለከለውን ኮለም ጠየቅኩ፤ ቀዩ ኤረር ወጣ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፍሎውን (ናይፋይ ላይ የሠራሁትን የዳታ መስመር) ወደ ቢሮው ኮምፒውተር አዛውራለሁ። ፍሎው ኤክስፖርት ሲደረግ ፓስወርድ አብሮ አይወጣም፤ እዚያ እንደገና መሙላት አለብኝ። አካውንቱም ያኔ ከሎካልሆስት ነው የሚመጣው፤ አዲስ ፈጥሬ የ20ውን አጠፋዋለሁ።