ከካቴድራሉ በፊት ምኩራቡ፦ ኤርፈርትን እንዴት እንደጎበኘሁ

የጀርመንን ጥንታዊ የእምነት ሕንጻዎች ለማየት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ኮሎኝን ነው፤ እኔ ግን በቱሪንጊያ ግዛት የምትገኘውን ኤርፈርትን መረጥሁ። ምክንያቴ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛን ሰዋስው በፍራንክፈርት ያሳተመው ይህ ሊቅ በ1624 የተወለደው በኤርፈርት ሲሆን፣ መምህሩ የነበሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስም በ1652 በመስፍኑ በኤርነስት ግብዣ እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ጎታ ድረስ መጥተው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ከእርሱ ጋር ሠርተዋል። የሄድሁት የሉዶልፍን አገር ለማየት ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰዱት እርሱ ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የቆሙ ግንቦች ናቸው።

አሮጌው ከተማ በእግር የሚዳረስ በመሆኑ የጉብኝቱን ቅደም ተከተል በርቀት ሳይሆን በዘመን አወጣሁ። ከመነሣቴም በፊት ለእያንዳንዱ ሕንጻ ማን እንዳሠራው፣ ከዚያ በኋላ በማን እጅ እንደገባና ዛሬ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ በማስታወሻዬ ያዝሁ። የሚበዛው ጎብኚ ከካቴድራሉ አደባባይ ሲጀምር እኔ ወደ አሮጌው ምኩራብ ያቀናሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሳኔውም በኋላ ያየሁትን ሁሉ የማይበትን ዓይን ለወጠው። ምኩራቡ ሙዚየም ስለሆነ ሰኞ ሰኞ ይዘጋልና የሳምንቱን ቀን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

አሮጌው ምኩራብ ከመንገድ ዳር አይታይም፤ በቤቶች መካከል ተሸሽጎ የቆመ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ጥንታዊው ክፍሉ እስከ 11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ይደርሳል። ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ባመሰበት ዘመን፣ በመጋቢት 1349፣ የከተማዋ አይሁዳውያን ተጨፈጨፉ፤ ምኩራቡም በነጋዴ እጅ ገብቶ የዕቃ መጋዘን ሆነ። ከዚያም በ19ኛው መቶ ዓመት ምግብ ቤትና የዳንስ አዳራሽ ተደረገ። ምን እንደነበረ ጨርሶ በመረሳቱ በናዚዎች ዘመን ማንም አልነካውም፤ ተጠንቶና ታድሶ ለጎብኚዎች የተከፈተው በ2009 ነው። አዳሾቹ የዳንስ አዳራሹን ጌጥ ፍቀው አለማጥፋታቸውን በጣም ወደድሁላቸው። ጸሎት ቤቱ የደረሰበትን ውርደት በዓይን ማየት፣ እንደ አዲስ ተለስኖ ከሚቀርብ ውበት ይልቅ ታሪኩን ያስረዳል።

በምድር ቤቱ የሚታየው ሀብት በ1998 በአቅራቢያው ቁፋሮ ሲካሄድ የተገኘ ነው፤ 3,141 የብር ሳንቲሞች፣ 14 የብር ጥፍጥፎችና ከ700 በላይ የአንጥረኛ ሥራዎች አሉበት። ሰው ሁሉ የሚከማቸው በወርቁ የሠርግ ቀለበት ዙሪያ ሲሆን፣ በአናቱ ላይ ትንሽ ጎቲክ ቤት ተሠርቶበት የመልካም ምኞት ቃል በዕብራይስጥ ተቀርጾበታል። እኔ ግን ረዘም ላለ ጊዜ የቆምሁት ከሳንቲሞቹ ፊት ነው። ይህን የሚያህል ገንዘብ የቀበረ ሰው ተመልሶ ሊወስደው ማሰቡ አያጠራጥርም።

በ2007 የተገኘውን የአይሁዳውያኑን የመንጻት መታጠቢያ በጌራ ወንዝ አጠገብ አለፍ ብዬ አየሁት። ምኩራቡ፣ መታጠቢያውና የድንጋዩ ቤት የሚባለው የመካከለኛው ዘመን መኖሪያ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አብረው ተመዝግበዋል።

ወደ ቅድስት ማርያም ካቴድራል የወጣሁት ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው። ከአደባባዩ 70 ደረጃዎች ወደ ኮረብታው ያወጣሉ፤ የሚቀበለውም በ1330 አካባቢ የተሠራው ባለ ሦስት ማዕዘን ደጀ ሰላም ነው። በአንደኛው ወገን ዐሥሩ ደናግል ተቀርጸዋል። የማቴዎስን ወንጌል የሚያውቅ ሰው ልባሞቹን ከሰነፎቹ ለመለየት አስጎብኚ አያስፈልገውም፤ ሰነፎቹ በሐዘን ፊታቸው ተጨማድዷል። ሆኖም ከልባሞቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን በሴት አምሳል ስትቆም፣ ከሰነፎቹ ጋር የቆመችው ዓይኗ የታሰረ ምኩራብ ናት። በውስጥም በመዘምራኑ የእንጨት መቀመጫ ላይ ፈረስ የጋለበች ቤተ ክርስቲያን አሳማ ላይ ከተቀመጠ አይሁዳዊ ጋር ስትዋጋ ተቀርጻለች፤ ይህን በቅርብ ለማየት አስጎብኚ መጠየቅ ነበረብኝ። በመጀመሪያ ወደዚህ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ደጀ ሰላሙ ድንቅ የቀራጺ ሥራ ሆኖብኝ ባለፈ ነበር። ከምኩራቡ መጥቼ ስመለከተው ግን ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ለመጣው እልቂት ልቡና እንዴት ሲዘጋጅ እንደቆየ የሚያሳይ ሰነድ ሆነብኝ።

ይህን ስል የካቴድራሉን ግርማ ማሳነሴ አይደለም። በመቅደሱ ዙሪያ ያሉት ረጃጅም የመካከለኛው ዘመን ባለ ቀለም መስኮቶች በጠዋት ብርሃን መታየት አለባቸው። ግሎሪዮሳ የተባለችው ደወል በ1497 የተሠራች ስትሆን ክብደቷ ከ11 ቶን ይበልጣል፤ የምትደወለውም በዐበይት በዓላት ብቻ ስለሆነ ድምፅዋን መስማት የሚሻ ሰው ጉዞውን ከበዓል ጋር ማስማማት ይኖርበታል። በቅዳሴ ሰዓት እየተዘዋወሩ መጎብኘት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጉብኝቱንና ቅዳሴውን በተለያየ ጊዜ አደረግሁ። ደጁን መሳለምና ጫማ ማውለቅ ለለመደ እግር በጫማ እስከ መቅደሱ ደጃፍ መጠጋት መጀመሪያ ይከብዳል፤ ኮፍያ ማውለቅ ግን የእነርሱም ሥርዓት ነው።

ማርቲን ሉተር በ1507 የቅስና ማዕረግ የተቀበለው በዚህ ካቴድራል ውስጥ ነው። የመነኮሰበት የአውግስጢኖሳውያን ገዳም በአሮጌው ከተማ ሰሜናዊ ክፍል ይገኛል። በሐምሌ 1505 በመንገድ ላይ መብረቅ አስደንግጦት ለቅድስት ሐና የተሳለው ስእለት ነበር ወደዚያ ያስገባው፤ ስእለት ሳይውል ሳያድር ሲፈጸም ማየት ለለመደ የእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ዛሬ ገዳሙ የወንጌላውያን የጉባኤ ማዕከልና የእንግዳ ማረፊያ ስለሆነ እዚያው ለማደር ይቻላል፤ እኔም ያደርሁት እዚያ ነው። ብዙ ጎብኚ የሉተርን ክፍል አይቶ ይመለሳል። ከገዳሙ ቤተ መጻሕፍት ሥር ግን በየካቲት 1945 ከአየር ድብደባ የተጠለሉ 267 ሰዎች ሞተዋል፤ መታሰቢያቸውም እዚያው ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ክፍሉን ትቶ ይህን ቢያይ ይሻላል ባይ ነኝ።

የነጋዴዎች ድልድይ በ1325 በድንጋይ የተሠራና ቤቶች በላዩ ላይ የተደረደሩበት ሲሆን በምሥራቅ ጫፉ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሕዝብ ስለሚበዛበት በማለዳ ማለፍ ይመረጣል።

በመጨረሻ የሄድሁት ወደ አዲሱ ምኩራብ ነው። በኅዳር 1938 በተቃጠለው ታላቁ ምኩራብ ቦታ ላይ በ1952 የተሠራ ሲሆን፣ በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን አዲስ የታነጸ ብቸኛ ምኩራብ እርሱ ነው። ከውጭ ሲታይ ጌጥ የሌለው ተራ ሕንጻ ይመስላል፤ የቱሪስት መጽሔቶችም እምብዛም አያነሡት። እንደ አሮጌው ምኩራብ ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት ሙዚየም ሳይሆን የሚጸለይበት ቤት ስለሆነ ውስጡን ማየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከማኅበረሰቡ ጋር ቀጠሮ መያዝ ይኖርበታል።