ላይደርስ ይችላል፦ ከ‘ኢት’ ጋር ሁለት ወር

እንዴት ከረማችሁ? ባለፈው ስጽፍላችሁ ቀጥሎ ቀለል ያለ ነገር እይዛለሁ ብዬ ነበር። አልሆነም። ሁለት ወር ሙሉ አላላውስ ያለችኝ ‘ኢት’ (it) የምትባል ሚጢጢ የእንግሊዝኛ ቃል ናት።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ቦታ ነው። የምሠራው በጅቡቲ በኩል ዕቃ ከሚያስመጣ ድርጅት ጋር ነው። አንድ ረቡዕ ሹፌራችን ከጋላፊ፣ ከጅቡቲ ድንበር፣ ደወለና «ወረፋው ከባድ ነው፣ ዓርብ ላልደርስ እችላለሁ» አለኝ። እኔም ዕቃውን ለሚረከበው ፈረንጅ ወዲያው ጻፍኩለት፦ «ዘ ትራክ ካን ኖት አራይቭ ኦን ፍራይዴይ»። ‘ይችላል’ ‘ካን’ ነው፣ አሉታው ‘ኖት’ ነው፣ ሌላ ምን ቀረ? ሰውየው አመስግኖ መለሰልኝ።

ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መኪናው መጋዘኑ በር ላይ ተገተረ። ጫኝና አውራጅ የለም። አይደርስም ስለተባለ ሰውየው ሁሉንም አሰናብቷቸዋል። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ አደረ። ቅዳሜ ጠዋት ሲያየኝ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ለካ የጻፍኩት «ሊደርስ አይችልም» ነበር። ማለት የፈለግኩት «ላይደርስ ይችላል» ነው። በአማርኛ እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው የለም፤ አሉታው ከመድረሱ ጋር ከተጣበቀ ጥርጣሬ ነው፣ ከመቻሉ ጋር ከተጣበቀ ነገሩ አከተመ። እንግሊዝኛውም ይህንኑ ያደርጋል፣ ግን በሌላ ቦታ። «ኢት ኢዝ ፖሲብል ዛት ዘ ትራክ ዊል ኖት አራይቭ» ካልን ላይደርስ ይችላል ነው። «ኢት ኢዝ ኖት ፖሲብል ዛት ዘ ትራክ ዊል አራይቭ» ካልን ደግሞ በሩ ተዘጋ። ስለዚህ አሁን የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‘ኖት’ ያለችው ከ‘ዛት’ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

እዚህ ላይ ስደርስ ሌላ ጥያቄ መጣ። ይቺ ‘ኢት’ ማን ናት? ድመቷ? መኪናው? ማንም አይደለችም። የቦቴ ውሃ ሲመጣ የሚደረደረውን ጀሪካን አስቡ። ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል፣ ቦታውን የያዘለት ባዶው ጀሪካን ነው። እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሩ ፊት ላይ የግድ ባለቤት ይፈልጋል። እውነተኛው ባለቤት ግን «መኪናው አይደርስም» የሚለው ረጅሙ ሐሳብ ነው። እሱን ፊት ላይ ማስቀመጥ ስህተት አይደለም፤ «ዛት ዘ ትራክ ዊል ኖት አራይቭ ኢዝ ፖሲብል» ይባላል። ግን ሰው እንዲህ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አፍ ላይ ይከብዳል። ስለዚህ ረጅሙ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፊት ላይ ‘ኢት’ ወረፋ ትይዝለታለች።

ደስ ያለኝ ግን እኛም ዘንድ እንዳለች ሳውቅ ነው። «መጥቼ ይሆናል፣ መጥተሽ ይሆናል፣ መጥተው ይሆናል» በሉ እስቲ። መጪው ሲቀያየር ‘ይሆናል’ ንቅንቅ አይልም። መጥቼ እሆናለሁ አንልም። ‘ይሆናል’ ውስጥ ያለው ‘እሱ’ ማንም አይደለም፤ ቁጭ «ኢት ሜይ ቢ ዛት» ነው። ‘መሸ’፣ ‘ነጋ’ እና ‘ይመስለኛል’ ውስጥም ይኸው ስም የለሽ ሰውዬ ተደብቋል። እኛ ግስ ውስጥ ስለምንደብቀው አይተነው አናውቅም እንጂ አብሮን ነው ያደገው።

በነገራችን ላይ ‘ሜይቢ’ ራሷ የመጣችው «ኢት ሜይ ቢ» ከሚለው ነው። ‘ምናልባት’ ለማለት ስትፈልጉ አንድ ቃል አድርጋችሁ ጻፏት፤ ተለያይታ ከተጻፈች ግስ ናት።

አሁን ዋናው ወጥመድ። «ሂ ኢዝ ላይክሊ ቱ ከም» ትክክል ነው። «ሂ ኢዝ ፖሲብል ቱ ከም» ግን አይባልም። እኔ ለስንት ዓመት ስለው ኖሬያለሁ፣ ማንም አላረመኝም፣ ስለገባቸው ዝም ይሉኛል። ‘ላይክሊ’ ሰውየውን ፊት ላይ ማስቀመጥ ትወዳለች፤ እንደኛ «ሳይመጣ አይቀርም፣ ሳትመጣ አትቀርም» ከሰው ከሰው ጋር ትሄዳለች። ከ‘ኢት’ ጋርም ትስማማለች። ‘ፖሲብል’ እና ‘ፕሮባብል’ ግን እንደ ‘ይሆናል’ ናቸው፦ ሰው ባለቤት አድርገው አይመጡም፣ ‘ኢት’ ትቅደምልን ይላሉ።

«ኢት ኢዝ ፖሲብል ፎር ሂም ቱ ከም» ስትሉም ተጠንቀቁ። እሱ ጥርጣሬ አይደለም፤ መምጣት ይችላል፣ የሚያግደው የለም ማለት ነው። «ሊመጣ ይችላል» ለማለት ‘ዛት’ ትሻላለች።

ልምምዱን እንዴት እንደያዝኩት ልንገራችሁ። ደብተሬ በግራ ገጽ የሰማሁትን አማርኛ፣ በቀኝ ገጽ እንግሊዝኛውን ይይዛል። ከመጽሐፍ አልወስድም። ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ፣ ቤት የሰማሁት ብቻ። አማርኛችን ደግሞ በጥርጣሬ የተሞላ ነው። አንድ ማታ ወንድሜ አምሽቶ እናቴ ብቻዋን እንዲህ ትላለች፦ «ታክሲ አጥቶ ይሆናል። ስልኩም ተዘግቶበት ይሆናል። ደግሞ እዛው ሊያድር ይችላል።» ከሶስቱ የመጀመሪያውን «ኢት ሜይ ቢ ዛት ሂ ከድንት ፋይንድ ኤ ታክሲ» አልኩት። ሁለተኛውን ‘ሜይቢ’ ጨረሰችው። ሶስተኛው ላይ «ኢት ኢዝ ፖሲብል ዛት ሂ ዊል ስቴይ ዜር» ብዬ ጽፌ ቀና ስል ወንድሜ በሩን እያንኳኳ ነበር።

ስጽፍ አሁን ብዙም አልሳሳትም። ሳወራ ግን «ሂ ኢዝ ፖሲብል» አሁንም ታመልጠኛለች፣ በተለይ ስልክ ላይ ስቸኩል። በዚህ ሳምንት አሉታ ብቻ ነው የምሠራው፣ በቀን አስር ዓረፍተ ነገር። ትላንት ከአስሩ ሶስቱ ላይ ‘ኖት’ ከ‘ዛት’ ወዲህ ገብታ አገኘኋት። ሹፌሩ ዛሬ ደውሎ «ማክሰኞ እደርሳለሁ» ሲለኝ፣ መልእክቱን ከመላኬ በፊት ሁለቴ አነበብኩት። «ጻፍከው?» አለኝ። «ቆይ» አልኩት።