«ሰው የለኝም» ብዬ የጮህኩባት ሌሊት

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ስጀምርና ስተወው ሦስተኛ ቀኔ ነው። ያቺ ሌሊት ጋ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ግን ልጨርሰው።

ከሦስት ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም እናቴ ታመመች። ከዘወረደ፣ ከጾሙ መጀመሪያ ሳምንት፣ ጀምሬ ስግደት ያዝኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ማታ ማታ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አሉ። እኔ ፈራሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ፈረመ። በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት አረፈች። በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም፤ የሚያርፉት ሁሉ ጸሎታቸው ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይደርስላቸዋል። ለካ እሑድ ዘንባባዬን ይዤ የቆምኩት ለእናቴ ፍትሐት ነበር።

ቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እናታችንን የገደልካት አንተ ነህ» አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ማታውኑ ስልኬ ላይ ስሙን አጥፍቼ «አታንሺ» ብዬ መዘገብኩት። ከእግዚአብሔርም ጋር ተኳርፌ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ። «ያን ሁሉ ስግደት ምን አደረግኸው?» እለው ነበር። «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር እንኳ የምደግመው ለጠብ ነበር።

ጾሙን ግን አልተውኩም። ልማድ ነዋ። ሰው ምን ይለኛል። «ጾም ትፌውስ ቁስለ ነፍስ» ሲባል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ ጾም የነፍስን ቁስል ትፈውሳለች። እኔ ቁስሌን ጠቅልዬ ይዤ ነበር የምጾመው። ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሲል የንስሐ አባቴ፣ ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝና፣ «55 ቀን ከምን ልትጾሚ ነው?» አሉኝ።

«ከሥጋ፣ ከወተት...» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

«ከወንድምሽስ ታረቅሽ?»

ዝም።

«ታዲያ ሥጋው ምን አጠፋ?»

ተቀይሜ ወጣሁ።

ለመጻጉዕ፣ ለጾሙ አራተኛ እሑድ፣ አጥቢያ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ርቆ ሄዷል። የአራት ዓመቱ ልጄ ቀኑን ሲያስለው ውሏል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሳል አይደለም። ፉጨት ነው። ልብሱን ገልጬ ሳየው፣ አየር በሳበ ቁጥር በጎድኖቹ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንገቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ትገባለች፣ ትወጣለች። «እማ» ሊለኝ ይሞክራል፤ «እ» ላይ ትንፋሹ ያልቅበታል። ከንፈሩን በስልኬ መብራት አየሁት። ጠቁሯል።

ታክሲ ጠራሁ፤ የለም። ሌላ ሞከርኩ፤ የለም። አምቡላንስ ደወልኩ፤ ሌላ ቦታ ወጥቷል፣ ጠብቁ ተባልኩ። የጎረቤቴን በር ደበደብኩ፤ የሚከፍት ጠፋ። ልጄን ታቅፌ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ጮህኩ። ጸሎት እንዳይመስላችሁ። «እናቴን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ እሱን? ሰው የለኝም እኮ! ሰው የለኝም!»

አፌ ያለውን ጆሮዬ ሰማው። የነገው ወንጌል ነው። ቤተ ሳይዳ፣ 38 ዓመት በአልጋው ላይ የኖረው ሰው። «ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም።» እሱ እውነቱን ነበር። እኔ ግን ሰው ነበረኝ። መኪና ያለው፣ አሥር ደቂቃ የማይርቅ ሰው። ስልኬ ውስጥ «አታንሺ» የሚባል።

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል። ወዲያው አልደወልኩም። ልጄ ጭኔ ላይ እየታፈነ እኔ ያቺን ቃል አያት ነበር። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ከዚያ ነካኋት።

አንዴ ጠራ። ሁለተኛው ሳያልቅ ተነሳ።

«እታለም?»

እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። «ልጁ...» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም።

«መጣሁ። በሩን ክፈቺ።»

ምን ሆነ እንኳ አላለኝም። ሲደርስ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል፤ አንድ እግሩ ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ሲሊፐር። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ልጄን ከእቅፌ ነጥቆ እየሮጠ አስገባልኝ። ስሙን አላውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ነርሷ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ሰካች። 82። ኦክስጅን አደረጉለት፤ በጭምብሉ ውስጥ ጉም የመሰለ መድኃኒት ይገባ ጀመር። ቁጥሯ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። 84። 83። 85። ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። በኋላ ከጎኔ ሹክሹክታ ሰማሁ። ወንድም ጋሼ በጣቶቹ አንጓ እየቆጠረ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል። አብሬው ጀመርኩ። 41 ሲሞላ እንደገና ከአንድ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ከልቤ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሊነጋ ሲል 94 አለ። ልጄ ጭምብሉን በእጁ እየገፋ «እማ፣ ውኃ» አለኝ። አምላኬ ሆይ፣ ምን ብዬ ላመስግንህ! ሐኪሟ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ...» ብላ የቀረውን ተወችው።

ኮሪደሩ ላይ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ወንድም ጋሼ ያዘኝ። «ፈርም ያለችኝ እሷ ናት፤ እታለምን አታስጨንቃት፣ አንተ ፈርም አለችኝ» አለ። ሦስት ዓመት ይዞት ኖሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስልክ መች ታነሺና።»

ሳቅኩ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ልጄ በአምስተኛው ቀን ወጣ። የቀረው ጾም እንዴት እንዳለቀ አላወቅሁም። ሆሳዕና ዕለት ግን ከወንድሜ ጋር ጎን ለጎን ቆመን ፍትሐቱን ሰማን፤ ልጄ ትከሻው ላይ ተኝቶ፣ የዘንባባ ቀለበቱን አጥልቆ።

ስልኬን እስካሁን አላስተካከልኩትም። ወንድም ጋሼ ሲደውል «አታንሺ» ይላል። አነሳዋለሁ።