አራት ሙቅ ክፍሎች በዴንቨር

ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ መሀል ከተማ ዩኒየን ስቴሽን ድረስ በባቡር 37 ደቂቃ ነው። ከባቡሩ ሳልወርድ ከንፈሬ መድረቅ ጀምሯል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ከፍታው የእንጦጦን ዳገት ለለመደ ሰው ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስቸግረው የአየሩ ድርቀት ነው። ላብ ሳይታይ ይተናል፣ ጥሙ የሚታወቀው የሰውነት ውሃ ከቀነሰ በኋላ ነው። ለሆት ዮጋ፣ ማለትም በሞቀ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ዮጋ፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ለውሃና ለእንቅልፍ ይስጥ፤ ክፍል የሚገባው በማግስቱ ነው።

ዴንቨርን የመረጥኩት በሙቀት የሚሠራ ዮጋ እዚህ ሥር የሰደደ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ በርካታ ከተሞች ክፍሎች ያሉት ኮርፓወር ዮጋ የተመሠረተው እዚሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። በአንድ ሳምንት አራት ዓይነቱን ማዳረስ ይቻላል፤ በሁለት ከባድ ክፍሎች መካከል ግን አንድ ቀን ማሳረፍ የግድ ነው። ቦታ ለማስያዝ ሲደወል "ክፍሉ ይሞቃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ስንት ዲግሪ ነው? እርጥበቱ ስንት በመቶ ነው? ሙቀቱ የሚመጣው ከምንድን ነው? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቦታ ለጀማሪ አይሆንም።

የመጀመሪያው ክፍል "ሃያ ስድስትና ሁለት" የሚባለው ነው፦ 26 አቋሞች፣ 2 የትንፋሽ ልምምዶች፣ 90 ደቂቃ፣ 40.6 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 40 በመቶ እርጥበት። ቅደም ተከተሉን በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያስፋፋው ቢክራም ቾውዱሪ ሲሆን፣ መሠረቱ ኮልካታ ከነበረው የቢሽኑ ጎሽ ትምህርት ቤት የተማረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቅደም ተከተሉ በቅጂ መብት ሊያዝ እንደማይችል ወሰነ። በሰውየው ላይ የቀረቡት የወሲብ ጥቃት ክሶችም ሲበዙ ብዙ አዳራሾች ስሙን ከበራቸው አነሱ። ትምህርቱ ግን ያው ነው፤ መምህሩ ሠርቶ አያሳይም፣ በቃል ብቻ ይመራል።

ከመግባት በፊት ምንጣፉን ማዘጋጀት አለ። በምንጣፉ ላይ ሙሉውን የሚሸፍን ፎጣ ይነጠፋል። ማይክሮፋይበር ፎጣ ደረቅ ሲሆን ያንሸራትታል፣ እርጥብ ሲሆን ይይዛል፤ ስለዚህ እጅና እግር የሚያርፉበትን ሁለቱን ጫፎች አስቀድሞ ውሃ መርጨት ነው። ቅባት የተቀባ ቆዳም ፎጣ አይይዝም። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት በዚያ ቀን ባትገባ ይሻላል፤ ቅቤው በዚህ ሙቀት ቀልጦ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ መዳፍም ላይ ይወርዳል። ጥጥ ልብስ ላብ ጠጥቶ ስለሚከብድ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ ይመረጣል።

የቆሙት አቋሞች ከክፍሉ ጊዜ ግማሹን ያህል ይወስዳሉ፤ የሚከብደውም ይሄኛው ግማሽ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የቆመ ሰው ራስ ያለበት አየር ወለሉ ላይ ካለው ይበልጥ ይፋጃል። መተኛቱ ሲመጣ እፎይ የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ቆሞ ግንባርን ከጉልበት ማገናኘት" በሚባለው አቋም ስለሆነ እሱን ዘርዘር ላድርገው። ክብደት በአንድ እግር ላይ ይጣላል። የሌላኛው እግር ጉልበት ወደ ላይ ይነሳና አሥሩም ጣቶች ተቆላልፈው ውስጥ እግሩን ከጣቶቹ ትንሽ ዝቅ ብለው ይይዛሉ። ቀጥሎ ያ እግር ከወለሉ ጋር ትይዩ እስኪሆን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ከዚያ ክርኖቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ ግንባር ወደ ጉልበት የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። መምህሩ "ጉልበትህን ቆልፍ" ሲል ብዙዎች የቆሙበትን ጉልበት ወደ ኋላ ይገፉታል። ያኔ ሸክሙ ከጡንቻው ወደ ጉልበቱ የኋላ ጅማት ይተላለፋል። ትክክለኛው የጭኑን የፊት ጡንቻ ወደ ላይ መሳብና ክብደቱን ከተረከዝ ወደ እግር ጣቶች ሥር ማምጣት ነው። ጭን ሲዳሰስ እንደ እንጨት ከጠነከረ ተሳክቷል፤ ከለሰለሰ ጉልበቱ ብቻውን እየተሸከመ ነው። የቆመው ጉልበት መታጠፍ ከጀመረ የቀረውን እግር መዘርጋት የለም፤ እዚያው ይቆማል።

ማቅለሽለሽ የሚመጣው ወደ መጨረሻው፣ ግመል በሚባለው አቋም ላይ ነው። በጉልበት ተንበርክኮ፣ በጉልበቶቹ መካከል 15 ሴንቲሜትር ያህል ትቶ፣ ወገብ ይዞ፣ ራስን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዳሌን ወደ ፊት እየገፉ ተረከዝ መያዝ ነው። ትንፋሹን የያዘ ሰው ወዲያው ራሱን ያዞረዋል። ሲነሱ እጆቹ ተራ በተራ ወደ ወገብ ይመለሳሉ፣ ራስ የሚቀናው በስተመጨረሻ ነው። ዘሎ የሚነሳ ሰው ዓይኑ ይጨልምበታል።

በአንድ ቀን ዕረፍት ወደ ሁለተኛው፣ ሳያቋርጡ ከአቋም ወደ አቋም ወደሚታለፍበት የሞቀ ቪንያሳ ስሄድ ክፍሉ 35 ዲግሪ ገደማ ነበር። ቁጥሩ ዝቅ ስላለ የሚቀል ይመስላል፤ በእኔ ሚዛን ግን ለጀማሪ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እዚያ ከአቋም ወደ አቋም ዕረፍት አለ፣ ቀጥሎ የሚመጣውም ይታወቃል። እዚህ እያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ጡንቻው ራሱ ምድጃ ሆኖ ሰውነትን ከውስጥ ያሞቃል። የእጅ አንጓና ትከሻ ይደክማሉ። በመዳፍና በእግር ጣቶች ተደግፎ ከወለል ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ታች ሲወረድ ትከሻ ከክርን በታች መውረድ የለበትም፤ ሲደክም ጉልበትን ወለል ማስነካት ነው። ላብ የጠጣ ምንጣፍ ላይ ኋላና ፊት እግርን አራርቆ መቆምም የብሽሽትን ጡንቻ ይፈትናል፤ እግር መንሸራተት ከጀመረ እርምጃውን ማሳጠር ነው።

ሦስተኛው፣ ጣሪያ ላይ ባሉ የጨረር ሰሌዳዎች የሚሞቀው ኢንፍራሬድ ክፍል ነው፤ እሱ ላይ ብዙ የምለው የለም። ሰሌዳዎቹ ከአየሩ በፊት ሰውነትንና ወለሉን ስለሚያሞቁ ክፍሉ ደረቅና ለትንፋሽ የሚቀል ነው። ችግሩ ሙቀቱ እኩል አለመዳረሱ ነው፤ ከሰሌዳው ሥር የተኛ ሰው ሲቃጠል ሦስት ምንጣፍ ርቆ ያለው ይቀዘቅዘዋል። ቀደም ብሎ ገብቶ ጣሪያውን ማየትና በሁለት ሰሌዳዎች መካከል መንጠፍ ነው።

አራተኛው ሙቅ ይን ዮጋ ነው። አንድ አቋም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይያዛል፤ ጡንቻው ልቅ ይሆናል። ቀላሉ ይመስላል፣ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው እሱን ነው። የሞቀ ሰውነት ገደቡን አይናገርም፤ ቋንጃ ዛሬ እስከፈቀደው ከተሳበ ሕመሙ ነገ ጠዋት መቀመጫ አጥንት አጠገብ ይመጣል። እስከሚቻለው ሳይሆን ከዚያ ሁለት ጣት ያህል መለስ ብሎ መቆየት ይበጃል። ስለት የመሰለ ወይም የሚያደነዝዝ ስሜት ከመጣ ወዲያው መውጣት ነው።

ሙቀቱ "መርዝ ያወጣል" የሚለው ወሬ በየክፍሉ አለ። ያ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው፤ ላብ በዋናነት ውሃና ጨው ነው። የቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ይኸው የ26ቱ ቅደም ተከተል ለ12 ሳምንት በሙቅና ሙቀት በሌለው ክፍል ተሠርቶ የደም ሥሮች ሁኔታ በሁለቱም ተሻሽሏል። ስለዚህ የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ሙቀቱ ቀረብኝ ብሎ አይዘን፤ ሙቀት የሌለው ክፍል ይግባ። አንዳንድ መምህራን "ከክፍል አትውጡ" ይላሉ። ይህን አልቀበልም። ብርድ ብርድ ካለ፣ ራስ ከፈለጠ ወይም ነገር ከተምታታ መውጣት፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ቀዝቃዛ ነገር ማድረግ ነው። ሰውየው ከተምታታበት 911 ይደወላል።

ከክፍል በፊትና በኋላ ላብን ጠርጎ መመዘን ጠቃሚ ነው። የጠፋው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ነው፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል ይተካል። ንጹህ ውሃ ብቻ በላይ በላዩ መጋት የደምን ጨው ስለሚያቀጥን ከምግብ ጋር ይሁን። እኔ በ15 ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስን ይዤ ወደ አውሮራ እሄዳለሁ፤ እዚያ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፣ ሽሮ በእንጀራም ጨውና ጉልበት ይመልሳል።

በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ወይም ረመዳንን የያዘ ሰው በጾም ሰዓት አይግባ። ካፈጠረ በኋላ ቀለል ያለ ምግብ በልቶ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጠጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ የማታውን ክፍል ይያዝ፤ ያም ቢሆን የ60 ደቂቃውን።